ስክሪኑ ይቆይህ፤ ለደብረ ማርቆሱ ሞተረኛ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የምሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። 150 ሲሲ የሆነ የህንድ ሞተር ሳይክል አለኝ። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ስናን ወረዳና ወደ ጮቄ ሥር ቀበሌዎች እወጣለሁ፤ አልፎ አልፎም በደጀን በኩል ዓባይ በረሃን እሻገራለሁ። ውጭ አገር የምትኖር እኅቴ እስከ 400 ዶላር የሚያወጣ ነገር ልትልክልኝ ትፈልጋለች። ካርታ፣ ጥሪና የጎማ ግፊት የሚያሳይ፣ የፊትና የኋላ ካሜራ ያለው፣ መሪው ላይ የሚታሰር ዘመናዊ ስክሪን አይቼ ልቤ ከጅሎታል። ደኅንነትን ይጨምራል ተብሎ ተጽፎበታል። ልግዛው? ካልሆነስ ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ አሁን አትግዛው። ዕቃው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ በደንብ የተሠሩ ስክሪኖች አሉ፣ እኔም ለደንበኞች ገጥሜያለሁ። ነገር ግን «ደኅንነትን ይጨምራል» የሚለውን የጻፈው ሻጩ ነው። የምትሄድበትን መንገድ፣ የምትነዳውን ሞተርና እኅትህ የምታወጣውን ገንዘብ አንድ ላይ ሳያቸው፣ ስክሪኑ ተራው ሳይደርስ የተጋፋ ሆኖ አገኘሁት።

ለሞተር ሳይክል የሚሸጥን ማናቸውንም ኤሌክትሮኒክስ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። ዓይንህን ከመንገዱ ላይ ያነሣል ወይስ እዚያው እንዲቆይ ያግዛል? በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በየሰከንዱ ወደ 17 ሜትር ትጓዛለህ። ስክሪን ላይ ያለች አንዲት መስመር አንብበህ ዓይንህን ወደ መንገዱ እስክትመልስ ሁለት ሰከንድ ቢያልፍ፣ 33 ሜትር ያህል ሳታይ ነዳህ ማለት ነው። በገበያ ቀን ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ በ33 ሜትር ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ገብስ የጫነች አህያ፣ ከእናቱ የተነጠለ ጥጃ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ክላክስ የማይሰማ ሽማግሌ።

ሁለት ሰከንድ ያልኩትም ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎች በቦታው ተሂዶ ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲወጣ፣ ነጂው አደጋውን ለማምለጥ የነበረው ጊዜ በአብዛኛው ከሁለት ሰከንድ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከደረሱት ግጭቶች መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የተከሰቱት የመኪናው ነጂ ለሞተሩ ቅድሚያ ባለመስጠቱ ነበር፤ ምክንያቱም በአብዛኛው ሞተሩን ሳያየው መቅረቱ ነው። ጥናቱ ያረጀ ነው፤ መንገዱም የእኛ አይደለም። የሰው ዓይን ግን ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም። ስለዚህ ገንዘብህን አስቀድመህ የምታውለው ሌሎች እንዲያዩህ በሚያደርግ ነገርና በዚያች ሁለት ሰከንድ ውስጥ በሚሠራ ነገር ላይ ነው። ስክሪኑ ከሁለቱም ወገን አይደለም።

ሆኖም ልብህ ከጅሎታልና ስለ ስክሪኑ የማውቀውን ሁሉ ልንገርህ፤ አንድ ቀን መግዛትህ አይቀርም።

መጀመሪያ ስልክን መሪ ላይ ማሰር የሚለውን ርካሽ አማራጭ እንተወው። አፕል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ኃይለኛ የሞተር ሳይክል ንዝረት በመሪው በኩል ወደ ስልኩ ሲተላለፍ የካሜራውን የማረጋጊያና የትኩረት ክፍሎች ሊጎዳ እንደሚችል ገልጿል። ማሳሰቢያው በይበልጥ የሚመለከተው ትልልቅ ሞተሮችን ነው፤ ነገር ግን ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ላይ የጮቄ ኮረኮንች ሲጨመርበት ንዝረቱ የዋዛ አይደለም። በዚያ ላይ ስልክ የሚመከረው እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ የአየር ሙቀት ውስጥ ለመሥራት ነው። ዓባይ በረሃ ግርጌ ላይ በቀትር ፀሐይ መሪ ላይ የተሰጣ ስልክ ራሱን ቢያጠፋ አይግረምህ። ለብቻው የተሠራ ስክሪን ከዚህ አንጻር ይሻላል፤ ብዙዎቹ ግን የስልክህን ምስል የሚያሳዩ መስታወት ናቸው እንጂ የራሳቸው ካርታ የላቸውም።

ስክሪን ስትመርጥ የምታየው ስፋቱን አይደለም፤ ብሩህነቱን ነው። በደጋ ፀሐይ ሥር 500 ኒት (የብሩህነት መለኪያ ነው) ያለው ስክሪን ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይመስላል፤ ወደ 1,000 ኒት የሚደርሰው ይነበባል። ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዝድ መነጽር ከለበስክ ደግሞ አንዳንዱ ስክሪን በአንድ ማዕዘን ጭራሹኑ ይጨልማል። በዝናብ ጊዜ የውኃ ጠብታ እንደ ጣት እየነካው ገጹ በራሱ ይገለባበጣል፤ በጓንት ስትነካው ደግሞ አይሰማህም። የውኃ መከላከያ ደረጃው አይ.ፒ 67 ከሆነ አቧራ አያስገባም፤ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥም ለ30 ደቂቃ ይቆያል። ይህ ማለት ግን የላቫጆ ግፊት ይችላል ማለት አይደለም። ያ ሌላ ፈተናና ሌላ ቁጥር ያለው ነገር ነው፤ በክረምት ጭቃ የተሸፈነ ሞተር ይዘህ ላቫጆ ስትገባ ሠራተኛው መጀመሪያ የሚያነጣጥረው መሪው ላይ እንደሆነ ታውቃለህ።

ሻጩ የማይነግርህ ሌላው ጉዳይ ኤሌክትሪክ ነው፤ ይህ የእኔ ሙያ ስለሆነ ትንሽ ብሰፋበት አትታዘበኝ። የትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ባትሪ በአብዛኛው ከ4 እስከ 9 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ነው። ስክሪኑ ሲሠራ የሚፈልገው ኃይል አነስተኛ ነው፤ ችግሩ ሞተሩ ከቆመ በኋላም መጠጣቱን የቀጠለ እንደሆነ ነው። ካሜራ ያለው ስክሪን ቆሞ 50 ሚሊ አምፔር ቢስብ በ24 ሰዓት ውስጥ 1.2 አምፔር ሰዓት ይበላል። ባለ 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ በአራት ቀን ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ከመሆኑም በፊት፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ በደብረ ማርቆስ ብርድ ማስነሻው ማቃሰት ይጀምራል። ስለዚህ ምንም ዓይነት ዕቃ ስታስገጥም ሽቦው ከባትሪው ተነሥቶ በፊውዝና በሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ፣ በኩል ይሂድ፤ ሪሌውን የሚያዝዘው ቁልፉ ይሁን። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ካልሆነ በመካከል ያለውን ሽቦ አይጠብቅም፤ ሽቦው ተልጦ ሻንሲውን ቢነካ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

በየጋራዡ የማየውና የሚያበሳጨኝ ልማድ የፊት መብራቱን ሽቦ ላጥ አድርጎ ከዚያ ላይ መቀጠል ነው። በአንዳንድ ሞተሮች የፊት መብራቱ ከባትሪው አይመገብም፤ ከጄኔሬተሩ በሚመጣ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ይሠራል። ቤንዚን ስትሰጠው መብራቱ የሚደምቅ፣ ስትለቀው የሚደክም ከሆነ የአንተም ሞተር ከእነዚያ ወገን ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ እዚያ ላይ ከተቀጠለ ዕድሜው አጭር ነው። ከማስገጠምህ በፊት ባለሙያው ሞተሩን መካከለኛ ዙር ላይ አድርጎ የባትሪውን ቮልት ይለካልህ፤ ከ13.5 እስከ 14.8 መካከል ካልሆነ መጠገን ያለበት እርሱ ነው።

ስክሪኑ ላይ ካየኸው ሁሉ ለአንተ እውነተኛ ጥቅም ያለው የጎማ ግፊት መለኪያው ነው። ይህንንም ያለ ስክሪን ለብቻው መግዛት ይቻላል። ነገር ግን በጎጃም ከፍታ ላይ አንድ ተንኮል አለው፤ አውቀኸው ግባ። ብዙዎቹ ርካሽ መለኪያዎች በጎማው ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ግፊት ይለኩና በባሕር ጠለል ላይ ያለውን የአየር ግፊት፣ ማለትም 101 ኪሎ ፓስካል፣ ይቀንሱለታል። ደብረ ማርቆስ ያለችው 2,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩም ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። በዚህ የተነሣ ጎሚስታው በእጅ መለኪያው 32 ፒ.ኤስ.አይ (ጎሚስታ ቤት የሚጠቀሙበት የግፊት መለኪያ) ሞልቶልህ ሳለ ስክሪኑ 28 ሊያሳይህ ይችላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ የተነሡበት ዜሮ ነው የተለያየው። ስክሪኑን አምነህ አራት ብትጨምርበት ኮረኮንች ላይ የሚነጥር ደረቅ ጎማ ይዘህ ትወጣለህ።

ወደ ዓባይ ስትወርድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ድልድዩ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ የውጭው አየር ግፊት ይጨምራል፤ በእጅ መለኪያ ብትለካው ጎማህ ከደጀኑ ሁለት ፒ.ኤስ.አይ ያህል የቀነሰ ይመስልሃል፤ የበረሃው ሙቀትና የፍሬኑ ትኩሳት ደግሞ ያንኑ ያህል መልሰው ይጨምሩበታል። እዚያ ቆመህ አየር አታስተካክል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጠዋት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ በአንድ በምታምነው የእጅ መለኪያ አስሞላው፤ ከዚያ ስክሪኑ ያሳየህን ቁጥር ለሞተርህ ትክክለኛው ብለህ ያዘው። የምትከታተለው ለውጡን ነው።

የመለኪያው ዓይነትም ጉዳይ አለው። በንፋስ መሙያው አፍ ላይ እንደ ክዳን የሚጠብቀው ዓይነት 10 ግራም ያህል ይመዝናል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ግን መሽከርከሩ ያችን 10 ግራም ከአንድ ኪሎ በላይ አድርጎ ወደ ውጭ ይጎትታታል። የንፋስ መሙያው አፍ የብረት ከሆነ ይችለዋል፤ የላስቲክ ከሆነ በጊዜ ብዛት ሥሩ ይሰነጠቃል። የአንተ ጎማ የውስጥ ጎማ ያለው ከሆነም መለኪያው የሚረዳህ ቀስ ብሎ ለሚወጣ ንፋስ ብቻ ነው። የውስጥ ጎማ ምስማር ሲወጋው ብዙ ጊዜ ባንዴ ይፈሳል፤ ስክሪኑ ሳይጮህ ወገብህ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰከንዶች እንምጣ። በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በጥሩ ፍሬን ለመቆም 20 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ እጅህ ፍሬኑን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢያልፍ 17 ሜትር ጨምርበት። እርጥብ ሲሆን 20ው ወደ 30 ይጠጋል። ይህን ሁሉ የሚያበላሸው የፊት ጎማ መቆለፍ ነው፤ የደነገጠ እጅ አጥብቆ ይይዛል፣ ጎማው ይቆለፋል፣ ሞተሩ ይወድቃል። ኤ.ቢ.ኤስ የሚባለው ሥርዓት የጎማውን ዙር እየለካ ሊቆለፍ ሲል የፍሬኑን ግፊት በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይለቃል፣ መልሶም ይይዛል። ቢ.ኤም.ደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1988 ለሽያጭ በቀረበ ሞተር ሳይክል ላይ ካስገባው ወዲህ ከተፈለሰፉት መሣሪያዎች ሁሉ ለሞተረኛ ሕይወት ይህን ያህል የሠራ የለም ባይ ነኝ። በአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የደኅንነት ተቋም ከአንድ ዓይነት ሞዴሎች ኤ.ቢ.ኤስ ያላቸውን ከሌላቸው ጋር አነጻጽሮ፣ ያላቸው ለሞት በሚያበቃ አደጋ ላይ የመገኘታቸው መጠን 22 በመቶ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ዓይንህንም አይጠይቅም።

ችግሩ በ400 ዶላር የሚላክ ነገር አለመሆኑ ነው፤ ከሞተሩ ጋር ይወለዳል። ህንድ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ ሞተር ሳይክሎች ላይ ኤ.ቢ.ኤስን አስገዳጅ አድርጋለች፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች፣ ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም። ሕጉ የሚሠራው ግን እዚያው ህንድ ውስጥ ለሚሸጠው ነው፤ ለውጭ ገበያ የሚላከው ወንድሙ ያለ እርሱ ሊመጣ ይችላል። የአንተን ለማወቅ የፊት ቸርኬው መሐል፣ ዲስኩ አጠገብ፣ ዙሪያውን የተበሳሳ ወይም ጥርስ ያለው ቀለበትና ወደ እርሱ የተጠጋ ሽቦ ያለው ዳሳሽ (ሴንሰር) መኖሩን እይ። ቁልፉን ስትከፍት የምትበራና መንዳት ስትጀምር የምትጠፋ ቢጫ ምልክትም ዳሽቦርዱ ላይ መኖር አለባት። የቤንዚን ጋኑ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ማስረጃ አይሆንም። በርካሽ የሚሸጥ፣ የፍሬን ቱቦው ላይ የሚጠመድ «ኤ.ቢ.ኤስ» የሚባል ብሎን መሳይ ነገርም አለ። ውስጡ ላስቲክና ሞላ እንጂ ዳሳሽ የለውም፤ ፍሬንህን ያለሰልሰዋል፤ መቆለፉን ግን አይከለክልም። እኅትህ አይታ ደስ ብሏት እንዳትልከው ከአሁኑ ንገራት።

ኤ.ቢ.ኤስ ያለው ሞተር ለመግዛት ስትበቃ ደግሞ ይህን ልብ በል። ልል ጠጠር ላይ የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ እየከመረ የሚቆምበት ጊዜ ስላለ፣ ኤ.ቢ.ኤስ እዚያ ላይ የመቆሚያ ርቀቱን ሊያረዝመው ይችላል። ለአንተ መንገድ የሚሻለው የፊቱ ብቻ ኤ.ቢ.ኤስ የሆነ ወይም የኋላው በቁልፍ የሚጠፋ ነው።

ስለ ፍሬን ካነሣን ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለትና ዳገት ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ማንም ስክሪን የፍሬንህን ትኩሳት አያሳይህም። ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን እየጎተትክ ከወረድክ የኋላው ሸራ ይግላል፣ መያዙም ይቀንሳል። የፊት ዲስኩ ዘይት ደግሞ ከዓመት ዓመት እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ እጀታው ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘህ ውረድ።

መታየት ወደሚለው ልሂድ። አንተ የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንደመሆንህ የክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥን ከኋላ ታስራለህ ብዬ እገምታለሁ። ቆመህ ከኋላ እየው፤ የፍሬን መብራቱ ይታያል? በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ሣጥኑ፣ ጆንያው ወይም የተሳፋሪው ጋቢ ጫፍ ይሸፍነዋል። ከፍሬን መብራቱ ጋር የተያያዘ ተጨማሪ ቀይ የኤል.ኢ.ዲ መብራት በሣጥኑ ጀርባ ላይ ከፍ አድርገህ አስገጥም፤ ዙሪያውን አንጸባራቂ ፕላስተር ለጥፍበት። በጠቅላላው ምናልባት ከገንዘቡ ትንሿን ክፍል ቢወስድ ነው፤ ከስክሪኑ ይልቅ ከኋላህ የሚመጣውን ሲኖትራክ የሚያነጋግረው ግን ይህ ነው።

ለፊት ለፊት ቀን ቀንም መብራት አብርተህ ሂድ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጮቄ ሥር ለሚወርደው ጉም ሁለት ትናንሽ ረዳት መብራቶች ዝቅ ተደርገው፣ ብርሃናቸው ከላይ የተቆረጠ እንዲሆን ሆነው ቢታሰሩ ይረዱሃል። ጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ማብራት ነጭ ግድግዳ ፊትህ ላይ መትከል ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላውንና ለሃሎጅን አምፖል በተሠራ መብራት ቤት ውስጥ የሚሰካውን ርካሽ ኤል.ኢ.ዲ አልመክርም፤ ብርሃኑ ይበተንና ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ያሳውራል።

ስለ ሌሎቹ «ብልህ» መሣሪያዎች ባጭሩ ላንሣ። በሄልሜት ውስጥ መስታወት ላይ መረጃ የሚያሳየው ሥራ ዓይንን ከመንገድ አያርቅም በሚል ተስፋ ብዙ ገንዘብ በልቷል፤ ስከሊ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሕዝብ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ በ2016 ተዘግቷል፤ ቢ.ኤም.ደብልዩ እ.ኤ.አ. በ2023 መነጽር አድርጎ አውጥቶታል። ለእኔና ለአንተ ገና ነው። ራዳርም መጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ዱካቲ ከፊትም ከኋላም ራዳር ያለው ሞተር ሳይክል አስተዋውቋል። የኋላ ራዳር በፍጥነት የሚደርስብህን አይሱዙ ያስታውቅህ ይሆናል። ነገር ግን የመንገድ ራዳሮች በየምሰሶው እንዳይጮኹ የቆመን ነገር ችላ እንዲሉ ተደርገው ስለሚሠሩ፣ መንገድ መሐል ቆማ የምታመሰኳ ላም አትታያቸውም። ሁለት ያልተሰበሩ ስፖኪዮዎች ይኑሩህ፤ ከማያቸው ሞተሮች ግማሾቹ ያላቸው አንድ ብቻ ነው ወይም ጭራሹኑ የላቸውም። ካሜራው ምስክር ነው እንጂ ጠባቂ አይደለም፤ ከአደጋ በኋላ ሊጠቅምህ ይችላል፣ ከአደጋ ግን አያድንህም።

ስልክህ ላይ ያለው የግጭት መለያ አገልግሎት፣ አፕል እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ያወጣው ዓይነት፣ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ ውስጥ ግን ለማን ይደውላል? ለአንተ የሚሻለው የምትሄድበትን ቀበሌና የምትመለስበትን ሰዓት ለሥራ ባልደረባህ ነግረህ መውጣት ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መሆኑንም እርሱ ይወቅ። የሳተላይት መልእክት መላኪያ ይሻላል የሚሉህ ይኖራሉ። እንዲህ ያለው መሣሪያ ወደ አገር ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋልና እኅትህ በሻንጣ ይዛው አትምጣ።

የአየር ከረጢት ያለው ሰደርያ እውነተኛ መከላከያ ነው። ሞቶ ጂፒ በሚባለው የዓለም የሞተር ሳይክል ውድድር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ያለ እርሱ መወዳደር አይቻልም። ለእኛ አገር የሚሆነው ባትሪ የማይፈልገው፣ በገመድ ከሞተሩ ጋር የሚታሰረው ዓይነት ነው፤ ከኮርቻው ስትለያይ ገመዱ የታመቀውን ጋዝ ይከፍተዋል። ሁለት ነገር ግን አስብ። የጋዝ ጠርሙሷ አንድ ጊዜ ከፈነዳች በኋላ ሌላ ያስፈልጋል፤ በአውሮፕላን ይዞ መምጣትም የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ሰደርያው መነፋት ያለበት ወደ ውጭ ስለሆነ ከላዩ ጋቢ ተጠቅልሎበት አይሠራም፤ በጎጃም ብርድ ጋቢውን ማን ያወልቃል? ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ የእኅትህን ገንዘብ ሙሉ ለሙሉ ወይም ከዚያ በላይ ይወስደዋል። ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ።

ታዲያ 400ው ዶላር የት ይሂድ? ግማሽ ያህሉ ሄልሜት ላይ። ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ ታይቷል፤ ካነሣኋቸው መሣሪያዎች በዚህ ዋጋ ይህን የሚያደርግ የለም። እኅትህ የምትፈልገው አገጭን ጭምር የሚሸፍን፣ ኢ.ሲ.ኢ 22.06 የሚባለውን የአውሮፓ ፈተና ያለፈ ነው። የአገጭ ማሰሪያው ላይ በተሰፋው ጨርቅ በክብ ውስጥ የላቲን «ኢ» ፊደል ከቁጥር ጋር ይኖራል፤ ከሥሩ ያለው የፈቃድ ቁጥር በ06 ይጀምራል። ለመስታወቱ ከውስጥ የሚለጠፍና እንፋሎት የሚከለክል ተጨማሪ ሽፋን ያለው ቢሆን ለማለዳው ብርድ ትልቅ ነገር ነው። በትንፋሽ የደበዘዘ መስታወት ከፍቶ መንዳት የለመደ ሰው የከፈተው ሄልሜቱን ነው።

ከቀረው ላይ ሄልሜቱ ውስጥ የሚገባ የብሉቱዝ ማዳመጫ ትግዛልህ፤ ርካሹ ይበቃል። ልብህ የከጀለውን የካርታ ጉዳይ የሚፈታልህ እርሱ ነው። ስልክህ ላይ ኢንተርኔት ሳይኖር የሚሠራ የካርታ መተግበሪያ፣ ኦስምአንድን የመሰለ፣ ጫንና የምትሄድበትን አካባቢ ካርታ ከተማ ሳለህ አውርድ። ጂ.ፒ.ኤስ ራሱ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስልኩ ደረት ኪስህ ውስጥ ይተኛል፣ ድምፁ ጆሮህ ውስጥ «ወደ ግራ» ይልሃል፣ ዓይንህም ጥጃው ላይ ይቆያል። ድምፁን ክላክስ እስከሚሰማህ ድረስ ብቻ ክፈተው፤ ስልክ እየነዱ ማውራትን ግን ማዳመጫ አላነጻውም፤ ሐሳብ ከሄደ ዓይን ቢቀርም አያይም። ለማዳመጫው ብለህ የሄልሜቱን ቅርፊት በመሰርሰሪያ አትብሳው፤ ማዳመጫው በቅንጥብ ወይም በማጣበቂያ ይያዛል።

የሚተርፈው ለኋላ መብራቱ፣ ለሁለቱ ረዳት መብራቶች፣ ለአንድ ጥሩ የእጅ ጎማ መለኪያ ይሁን። ገበሬው ልጁን ልኮ «ላሜ ታመመችብኝ» ሲልህ ልጁን ከኋላ ጭነህ እንደምትመለስ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሳንቲም ከተረፈ ሁለተኛ ሄልሜት።

እኅትህ ከመግዛቷ በፊት የራስህን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካ፤ ከቅንድብህ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከኋላ በጭንቅላትህ ሰፊ ቦታ ላይ አዙረህ። በሴንቲ ሜትር ላክላት፤ «መካከለኛ» ብለህ አትላክ፤ የየኩባንያው መካከለኛ ይለያያል። ሲደርስህ አጥልቀህ ማሰሪያውን እሰርና ሁለት እጅህን ከኋላ ሥሩ አግብተህ ወደ ፊት ግፋው። ከወለቀ መልሰህ ላክላት፤ ትቀይረው። ጉንጭህን ትንሽ ከጨመቀህ ግን አትስጋ፤ ስፖንጁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይላላል።